አብዱልሃፊዝ የሆንኩባቸው ሦስት ሳምንታት

ቡታጅራ፣ ሐምሌ 19 ቀን 2007 ዓ.ም.

ናጃህዬ፣ የእናቴ ልጅ፣

አሰላሙ አለይኪ ወራህመቱላሂ። ሦስት ጊዜ ደወልኩልሽ፣ ሦስቴም ዘጋሽብኝ። ደብዳቤ ግን አይዘጋም፤ ብትቀጂው እንኳ አንብበሽ ነው የምትቀጂው፣ አውቅሻለሁ። ጎረቤታችን ሰፍያ ኢዱን ከቤተሰቧ ጋር አክብራ ሐሙስ ወደ ጅዳ ትመለሳለች፤ በእሷ እጅ ልኬልሻለሁ።

እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል እንጂ ሌላ የለባትም። ዝናቡ ዘንድሮ ዘግይቶ የመስቃን ገበሬ ሁሉ ሰማይ ሰማዩን እያየ ነው፤ የእኛም የበርበሬ ችግኝ ገና ወደ ማሳ አልተዛወረም። ስላንቺ ስትጠይቀኝ “ስልኳ ተበላሽቶ ነው” እላታለሁ። መኳረፋችንን አልነገርኳትም።

እጮኛሽ ጀማሉ የጻፈልሽን ሰምቻለሁ። “እህትሽ በሰው ፊት አዋረደችኝ፣ ከሥራዬ አስባረረችኝ” ብሎሻል። እውነቱን ነው። አዋርጄዋለሁ። አስቤበት፣ ቀን ጠብቄ፣ እየጣፈጠኝ ነው ያዋረድኩት። የማልክደውን ቀድሜ ልንገርሽ ብዬ ነው። አሁን ደግሞ እሱ ዘሎ ያለፈውን ስሚኝ።

ከወልቂጤ ኮምፒውተር ተምሬ ስመለስ እሱ በሚያስተዳድረው ክሊኒክ ካርድ ክፍል ያስገባኝ ጀማሉ ነው። ውለታውን አልክድም። ግን ካርድ ክፍል ምን እንደሚመስል አታውቂም። ሰው መስኮቱ ላይ ቆሞ ስሙን ይነግረኛል፣ እኔ ከመደርደሪያ መደርደሪያ እንከራተታለሁ። ከኔ በፊት የነበሩት ልጆች አንዷ “ኃይሉ”ን በብዙኃኑ ኀ፣ ሌላዋ በሃሌታው ሀ እየጻፉ የአንድ ሰው ካርድ ሦስት ቦታ ተቀምጧል። ስለዚህ አንቺ በገዛሽልኝ ላፕቶፕ ካርድ የሚፈልግ ፕሮግራም ልጽፍ ተነሳሁ። አራት ሺህ ካርድ በሁለት እጄ አስገባሁ። ከዚያ ኮምፒውተሩም እንደ ልጆቹ ሆነብኝ፤ ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ ለእሱ አንዱ ለሌላው ባዕድ ናቸው። “ፀዳለ” ብዬ ስፈልግ “ጸዳለ”ን አያመጣልኝም።

የምጠይቀው ሰው ቡታጅራ ውስጥ አልነበረኝም። ፌስቡክ ላይ ኮድ ለሚማሩ ሰዎች የተከፈተ ግሩፕ አለ፤ እዚያ ገብቼ ጥያቄዬን ለጠፍኩ። አንዱ “እህት፣ መጀመሪያ ሀ ሁ ጨርሺ” ብሎ ሳቀብኝ፤ ሃያ ሰውም አብሮት ሳቀ። ልሰርዘው ስል ሃይሚ የምትባል የአዋሳ ልጅ ጻፈችልኝ። “አይዞሽ፣ እኔም አልቅሼበታለሁ። አንድ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ የሚመልስ ሰንጠረዥ ሥሪ” አለችኝ። እንዴት እንደሚጀመርም አሳየችኝ። ዘጠኝ ቀን የምሳ ሰዓቴን ሰጠሁት። እንደ “ወለተ ጊዮርጊስ” ያለ ስም ተለያይቶም ተገጥሞም ቢጻፍ እንዲያገኘው አደረግኩ። ሲሠራልኝ መደርደሪያውን ተደግፌ ብቻዬን ሳቅኩ። ለሰንጠረዡም ስም ያስፈልገው ነበርና “ናጃህ” አልኩት።

ጀማሉ አይቶ ወደደው። “በፍላሽ ስጪኝ፣ ለዶክተር አዳነ ላሳያቸው” አለኝ። የክሊኒኩ ባለቤት ስለሆኑ ደስ እያለኝ ሰጠሁት። በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራን። ፕሮግራሙ ግድግዳው ላይ በትልቁ ተከፈተ፤ ከላይ “አዘጋጅ፦ ጀማሉ” ይላል። “ሦስት ወር ደክሜበታለሁ” አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፣ ናጃህ። እጄ የማን እንደነበር አላውቅም።

ሰው ሲወጣ ጠብቄ፣ “ጀማሉ፣ የኔ ስም የት አለ?” አልኩት።

በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ዛህራ፣ እኔና አንቺ እኮ ቤተሰብ ልንሆን ነው። የኔ መከበር የእህትሽ መከበር አይደለም?”

“እሺ፣ ከሥር እንኳ ጻፈኝ።”

“የካርድ ክፍል ልጅ ጻፈችው ብል ማን ያምነኛል?”

ያን ቀን ደወልኩልሽ። ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ? “ለኔ ስትይ ቻይው” አልሽኝ። ቻልኩት። እሱ ወልቂጤ ድረስ ሄዶ ለሌሎች ክሊኒኮች ሲያሳይ፣ ምስጋና ወረቀቱን በመስታወት አስገብቶ ቢሮው ሲሰቅል ቻልኩት። ግን መቻል መርሳት አይደለም። በየቀኑ ጠዋት ፕሮግራሙን ስከፍት ስሙ ቀድሞ ይወጣል፤ እየተዋጠልኝ ሳይሆን እየተጠራቀመብኝ ነበር።

ሰኔ ሲገባ ፕሮግራሙ ታመመ። ያለ ሰው ሁሉ “የለም” ይል ጀመር። ምን ነክቶት ነው እያልኩ ሳለሁ ያ ግሩፕ ላይ “የመስቃን ልጅ” በሚል ስም አንድ ጥያቄ ተለጠፈ። “እኔ የጻፍኩት ፕሮግራም ስም ሲፈለግበት አላገኘም ይላል። እንዲፈጥን ብዬ ናጃህ የሚል አላስፈላጊ ነገር ከውስጡ አጥፍቼ ነበር። ምን ይሆን?” ይላል፤ ከሥሩ የኔ ኮድ፣ መስመር በመስመር። ሰው ሁሉ “ራስህ የጻፍከውን አታውቀውም?” እያለ ተሳለቀበት።

የእጮኛውን ስም አይቶ አላስፈላጊ ብሎ አጠፋው። ወላሂ ከስርቆቱ ሁሉ ይህ አናደደኝ።

ከአሥራ አንድ መስመር በላይ አይደለም የጠፋው። ሄጄ “ልመልስልህ” ብለው በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር። አልሄድኩም። አዲስ አካውንት ከፈትኩ፣ ስሜን አብዱልሃፊዝ አልኩ፣ በውስጥ መስመር ጻፍኩለት። “ወንድሜ፣ ችግርህ ገብቶኛል፤ አይዞህ።”

እንዴት እንደተንበረከከልኝ! “አላህ ይስጥህ፣ አንተ ባትኖር ምን እሆን ነበር” ይለኛል። ከካርድ ክፍሉ መስኮት ቢሮው ይታየኛል። “ፊደላቱን ከሀ እስከ ፐ ከነቤተሰባቸው አንድ በአንድ ጻፋቸው” እለዋለሁ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ሲጽፍ አየዋለሁ። ሲጨርስ “ቅደም ተከተሉ ተሳስቷል፣ እንደገና” እለዋለሁ። ግንባሩን ሲጠርግ እያየሁ ስልኬ እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ “ወንድሜ፣ አለህ?” እያለ። ጾም ነበር፣ ረመዳን። በጾም አፌ አልዋሸሁም ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ በጣቴ ነበር የምዋሸው።

በሁለተኛው ሳምንት ወጥመዱን ጠበቅ አደረግኩ። “ይህን ኮድ ማን እንደጻፈው ካልነገርከኝ ልረዳህ አልችልም” አልኩት።  ከሰዓት በኋላ መልሱ መጣ፤ “እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ አልጻፍኩትም። ካርድ ክፍል ያለች ልጅ ናት። አሁን እሷን ብለምን አንገቴን መድፋቴ ነው፤ ብሞት ይሻለኛል።”

ሙባሪክ ማተሚያ ቤት ሄጄ አሳተምኩት። ስምንት ገጽ ሆነ። በዚያ ቀን ማቆም እችል ነበር። ሁሉም ነገር እጄ ገብቷል። አላቆምኩም። ጣፈጠኝ፣ ናጃህ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

አሁን የሚከብደኝ ጋ ደረስኩ። ሦስተኛ ክፍል ሁለታችንንም ያስተማሩን እትዬ ወለተጊዮርጊስ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም ከሰፈሩ አልወጡም። ሰኔ ሃያ ስምንት ቀን ጉሮሯቸውን አሟቸው መጡ። ፕሮግራሙ ከታመመ ወዲህ የማውቀውን ሰው ካርድ ከመደርደሪያ በእጄ ነበር የማወጣው። ያን ሰዓት ግን ለጀማሉ እየጻፍኩ ነበር። ስማቸውን ነገሩኝ፣ አስገባሁት፣ “የለም” አለኝ። ቀና ሳልል አዲስ ካርድ ከፍቼ ሰጠኋቸው። “ምን እንዲህ ያስፈግግሻል ልጄ?” አሉኝ። “ምንም” አልኩ።

መልእክቴን ልኬ ስጨርስ ኮምፒውተሩ ላይ የጻፍኩት ስም ገና እንደተከፈተ ነው። ወለተጊዮርጊስ። አሮጌ ካርዳቸው ላይ በቀይ እስክሪብቶ “ፔኒሲሊን አይስማማቸውም” የሚል አለ፤ ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ በቃሌ አውቀዋለሁ። ወንበሩን ገልብጬ ሮጥኩ። መርፌ ክፍል ስደርስ ነርሷ ጥጡን እየጣለች ነበር። ፊታቸው ማበጥ ጀምሯል፤ አንገታቸውን ይዘው አየር ይፈልጋሉ። “ዶክተር! ዶክተር!” ብዬ ጮህኩ። ዶክተር አዳነ ሮጠው ገቡና ሌላ መርፌ ወጓቸው። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ስንት ደቂቃ እንደሄደ አላውቅም፤ ግድግዳው ላይ የነበረውን ስንጥቅ ግን እስካሁን መሳል እችላለሁ። አልሐምዱሊላህ፣ ተረፉ።

በማግስቱ ስብሰባ ሆነ። ጀማሉ ቀድሞ ተነሣ። “ፕሮግራሙ ጤነኛ ነው። ልጅቷ ስልኳን ስትነካካ ነው ካርዱን ያልፈለገችው። መባረር አለባት” አለ።

“ቤተሰብ ልንሆን ነው” ያለኝ ሰው። ስልኬን የነካካሁት ግን እውነት ነበር፤ ለዚህ ነው ይበልጥ ያቃጠለኝ።

“አዎ፣ ስልኬን ይዤ ነበር” አልኩና ስምንቱን ገጽ አውጥቼ ቆምኩ። ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩት። “ብሞት ይሻለኛል” የሚለው ጋ ስደርስ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንድ ጊዜ ይበቃ ነበር። ጀማሉ “ውሸት ነው፣ ፈጥራ ነው” እያለ ጮኸ።

ዶክተር አዳነ ላፕቶፑን ወደሱ ገፉት። “እንግዲያው ያንተ ነው። ተቀመጥና አስተካክለው።”

ተቀመጠ። ጣቶቹን ፊደላቱ ላይ አደረገ። አንዱንም አልተጫነም።  ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁ ይሻለው ነበር። ላቡ ሲንጠባጠብ እኔ አልራራሁም። ዶክተር “ይበቃል” ሲሉ ወንበሩን ለቀቀልኝ፤ ተቀምጬ አሥራ አንዱን መስመር መለስኩ። “ወለተጊዮርጊስ” ብዬ አስገባሁ። ሁለቱም ካርድ መጣ፣ ከነቀይ ጽሑፉ።

ዶክተር አዳነ ወረቀቶቹን አገላብጠው፣ “ይህ አብዱልሃፊዝ ማን ነው?” አሉኝ።

“ግሩፑ ውስጥ ያለ ሰው ነው። እሱ ነው የላከልኝ” አልኩ።

ይህን ካንቺ በቀር ማንም አያውቅም። ጀማሉ በዚያው ቀን ተሰናበተ። እኔ በማስጠንቀቂያ ታለፍኩ፤ አሁን ፕሮግራሙ ሲከፈት የኔ ስም ነው የሚወጣው። እንዳሰብኩት አልሆነልኝም፣ በየጠዋቱ ቶሎ ብዬ አልፈዋለሁ።

እትዬ ወለተጊዮርጊስን ቤታቸው ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ። ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም፤ ምን ብዬ ልጀምር? እሳቸው ግን እጄን ይዘው፣ “ቀና ብትይ ኖሮ ታውቂኝ ነበር” አሉኝ። 

ደብዳቤውን እዚህ ጋ ዘግቼው ነበር። ትናንት ከፍቼ ይህን ልጨምር ወሰንኩ፤ እየከበደኝ ነው የምጽፈው። ጀማሉ ከተባረረ በኋላም ለአብዱልሃፊዝ መጻፉን አላቆመም። ያጋለጠው ያው ሰው መሆኑን እያወቀ “ምን በድዬህ ነው?” ይለዋል። ስለ አንቺም አነሣ። ዕድሌ ነው አልኩ። አንቺን የሚያገባው ሳውዲ እንድታስገቢው መሆኑን ካፉ አውጥቼ ልልክልሽ ፈለግኩ። ሦስት ጊዜ፣ በሦስት መንገድ ጠየቅኩት። “ቪዛ ባትልክልህስ?” አልኩት። “ጅዳ ባትሆን ታገባታለህ?” አልኩት።

የመለሰልኝን ሳልለውጥ እገለብጥልሻለሁ። “ቪዛ አልፈልግም። እሷ ለቤተሰቧ ሁሉ ስትደርስ እኔ ምንም ያልሠራሁ ሰው ነኝ። ፕሮግራሙን የወሰድኩት አንድ ነገር ሠራሁ ብዬ ልነግራት ነው። አሁን ድምፄንም እንዳትሰማው አፍራለሁ።”

የፈለግኩትን ቃል አልሰጠኝም። ይህን ደብቄ ደብዳቤውን ልልክልሽ እችል ነበር፤ ስለ ጽሑፉ ከኔና ከሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ግን አንድ ሰው ቀና ሳልል አሳልፌያለሁ፤ በአንቺ አልደግመውም።

ለአረፋ ሽማግሌ እንደሚልክ ሰምቻለሁ። እሺ ብትይው አንቺ ታውቂያለሽ፤ እንግዳሽን አስተናግዳለሁ፣ ልብስሽን እተኩሳለሁ፣ እማዬን እደግፋለሁ። ከእሱ ጋር ግን አንድ ገበታ አልቀርብም። ይቅር ብዬዋለሁ እንድልሽ አትጠብቂ። ገና ነኝ።

አላህ ከክፉ ዓይንና ከክፉ አሠሪ ይጠብቅሽ፤ እጅሽን አይያዝብሽ፤ አገርሽን በጤና ያስረግጥሽ። ስልክ ስደውል አንሺልኝ።

ታናሽሽ
ዛህራ