በእቴቴ ላይ ስለ ተገኘው ስኳር

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለሣህሉ ሀብተ ሥላሴ፣ አሰብ።

ወንድምዓለም፣ ከሰላምታ በፊት አንድ ከባድ ጉዳይ በይፋ ማሳወቅ ግዴታዬ ሆኗል፤ ድመታችን እቴቴ ውሃ ትጠጣለች። በትክክል እንድትረዳኝ፣ እንደ ማንኛዋም ድመት ምላሷን አርሳ የምትተው አይደለም፤ ጣሳውን ትጨርስና ባዶውን እያየች እኔን ትወቅሰኛለች። እንዳትስቅ። እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር።

አሁን ወደ ሰላምታው። እንደምን ሰነበትህ? እንደምን ከረምህ? የአሰብ ሙቀት እንዴት እያደረገህ ነው? ልጆቹስ? የእናትዓለም ጥርስስ ተነቀለ ወይስ አሁንም ቤተሰቡን ያስተዳድራል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እመዬ ደህና ናት ስልህ ቆማ ትሄዳለች ማለቴ ነው እንጂ እህል እምብዛም አትቀምስም። ምክንያቱ አራት እግር አለው።

ከአባታችን በኋላ የእመዬ ወሬ ሁሉ ከእቴቴ ጋር እንደሆነ ታውቃለህ። አባታችን ነፍሳቸውን ይማርና እቴጌ ብለው ስም ያወጡላት፣ በስድሳ ሰባት ስሙ አደገኛ ሲሆን እቴቴ ብለው ከማዕረጓ ያወረዷት፣ እሷ ግን መውረዷን እስከ ዛሬ ያልሰማች ድመት ናት። ዘንድሮ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ውሃው መጣ፣ ከዚያ ሽንቱ፣ ከዚያ እየበላች ጀርባዋ እንደ መጋዝ ወጣ። አንድ ጠዋት ከሸናችበት ጥግ ጉንዳን በሰልፍ ሲተም አየሁና መጥረጊያው ከእጄ ወደቀ። ይህን ሰልፍ አውቀዋለሁ። በስድሳ ዘጠኝ ከአባታችን ፖፖ ዙሪያ የተሰለፈው ይኸው ነበር። አንተ አሰብ ስለነበርህ አላየኸውም። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አልቆዩም።

ለእመዬ ልነግራት አልፈለግሁም፤ እሷ ደግሞ ከኔ በፊት አይታ ለኔ መንገር አልፈለገችም። ሁለታችንም አንዱን ጉንዳን ስንደባበቅ ሰነበትን። በመጨረሻ ‹የሺ፣ አባትሽ መሪጌታ የሄዱበት መንገድ ነው። እሷም ከሄደችብኝ እኔን እዚህ ምን ያስቀምጠኛል?› አለችኝ። ለድመት እንዲህ ይባላል ወይ ብዬ ልቀልድ ጀምሬ ነጠላዬን አንሥቼ ወጣሁ።

አዘዘን አስመጣሁት። አዘዘ የእንስሳት ጤና ረዳት ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ መሸንቲ ላይ የገበሬ በሬ ሲከትብ የሚውል፣ ከበሬ ያነሰ ነገር ሲያይ መነጽሩን የሚፈልግ ሰው። ቆዳዋን ቆንጥጦ ለቀቀና ‹እትዬ የሺ፣ ስኳር ሳይሆን አይቀርም፤ ግን ሽንቷ ይታይ› አለ። ድመት ደግሞ በብልቃጥ ስጪ ቢሏት አትሰጥም። ከሳጥኗ አመዱን አውጥቼ፣ ከሐይቁ ዳር ጠጠር ለቅሜ፣ አጥቤ ሞላሁላት። ጠጠር አይመጥም፤ ሥር የተጠራቀመውን በፔኒሲሊን ብልቃጥ ቀድቼ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። የድመት ነው ብል እንደሚያባርሩኝ ስለማውቅ ስም እቴቴ፣ ዕድሜ ዘጠኝ ብዬ አስመዘገብሁ። የላብራቶሪው ሰው ሰማያዊው ፈሳሽ እንደ ጡብ ሲቀላ አይቶ ፊቱ ነጣ። ‹ይህችን ሕፃን አሁኑኑ ይዘሻት ነይ!› ብሎ ጮኸብኝ። እውነቱን ስነግረው የመለሰልኝን እዚህ አልጽፈውም፤ ፖስታ ቤቱ አይቀበለውም።

በወረቀቱ ላይ ስኳር ይልና ከጎኑ አራት የመደመር ምልክት አለ። እመዬ ተቀብላ አየችና ‹አራት መስቀል!› ብላ ደጋግማ ሳመችው። መስቀል እንዳልሆነ፣ ሲበዛም ክፉ እንደሆነ ሳስረዳት ‹መስቀል በዝቶ ክፉ የሚሆነው በማን ሃይማኖት ነው?› አለችኝ። ጆሮዋ እንደደከመ ታውቃለህ፤ እንዲገባት ብዬ ግቢው መካከል ቆሜ ‹እመዬ፣ እቴቴ ላይ ስኳር ተገኝቷል! ብዙ ነው! ከዚህ በላይ የለም!› ብዬ ለፈፍሁ። ከአጥሩ ወዲያ የድመታችንን ስም የማታውቀው ጎረቤታችን ፀሐይወርቅ ልብስ ታሰጣ ነበር። የቀበሌያችን ሱቅ ስኳር ካከፋፈለ ደግሞ ሁለት ወሩ ነው። ይህን የምጽፈው ለወቀሳ ሳይሆን ለማስታወሻ ነው።

ከዚያ አዘዘ አዘዘ፤ ስሙም ነው፣ ሥራውም ነው። እንጀራ በወተት መፈትፈት ቀረ። ጠዋትና ማታ ቆሮሶ ዓሣ፣ እሾሁ ተለቅሞ፤ በሁዳዴ መካከል ከመሪጌታ ቤት የዓሣ ሽታ ሲወጣ ሰው ምን እንደሚል አንተው ገምት። ያዘዘው ኢንሱሊን በራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ገንቦ ውስጥ ነው፣ የአባታችን ይቀመጥ እንደነበረው። ከበላች በኋላ በመርፌው ላይ አንድ መስመር ብቻ፤ ‹ሁለት መስመር ያደረግሽ ቀን እኔን ሳይሆን ቄስ ጥሪ› ብሎኛል። እመዬ በስመ አብ ብላ ትይዛታለች፣ እኔ ዓይኔን ልጨፍን እልና ዓይን ጨፍኖ መውጋት እንደማይቻል ትዝ ይለኛል። በመጀመሪያው ቀን የወጋሁት የራሴን አውራ ጣት ነው። ይህ ሁሉ ይሁን። ያስፈራኝ አዘዘ በሩ ላይ ቆሞ የጨመረው ነው። መድኃኒቱ ከበዛባት ወይም ሳትበላ ከተወጋች ስኳሯ ባንዴ ይወርዳል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ካልተደረሰላት ትሞታለች። መድኃኒቱ ስኳር ነው፣ ድዷን ማሸት። ‹ስለዚህ ስኳር ከቤት አይጥፋ› ብሎኝ ሄደ። ወንድምዓለም፣ የሚገድላትም ስኳር፣ የሚያድናትም ስኳር ሆነና እኛ ቤት ያለው የሚገድላት ብቻ ነበር።

በአጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ ፀሐይወርቅን ‹ለእቴቴ የምትሆን አንዲት ማንኪያ ስኳር› ብዬ ለመንኋት። አየችኝ፣ አየችኝና በክብሪት ቀፎ ሰጠችኝ። ከዚያ በቀጥታ ቀበሌ ሄዳ ‹እነ የሺመቤት እቴቴ የምትባል ሴት ዘንድ ስኳር አከማችተዋል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለማስመሰል ደግሞ ከኔ ከደሃዋ ይለምናሉ› ብላለች። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ቢሮ እንዳይረፍድብኝ ቸኩዬ አስቀድሜ ወጋኋትና ዓሣውን አስከትዬ አቀረብሁላት። አሸተተችና ፊቷን አዞረች። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ማንም ላይ አላላክክም። ኋላ ትበላዋለች እያልሁ ነጠላዬን ስፈልግ በሩ ተደበደበ። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ቢያዝን ከሁለት ጠመንጃ ያዦች ጋር ቆሟል። ‹ጓዲት የሺመቤት፣ በዚህ ቤት የተደበቀ ስኳር አለ› አለኝ። ጨው ደብቆ የታሰረ ሰው እናውቃለን፤ ለስኳር ምን እንደሚከተል ማንም አልነገረኝም።

የዱቄቱን ጋን በእንጨት ወጉ፣ ፍራሹን ገለበጡ፣ የአባታችንን የመጻሕፍት ማኅደር ሳይቀር አራገፉ። የተገኘው የምርመራው ወረቀትና የክብሪቱ ቀፎ ነው። ቢያዝን ወረቀቱን አነበበና ‹እቴቴ። ስኳር። አራት። አራት ምን? ኩንታል?› አለ። ‹ጓድ፣ ሽንቷ ውስጥ ነው› አልሁት። ‹ታሾፊብኛለሽ?› አለ። ‹ዕድሜዬን ሙሉ አሹፌያለሁ፤ ዛሬ ግን በእናቴ እምላለሁ አላሾፍም› አልሁ። ‹በቤተሰብ መዝገብ እቴቴ የምትባል ሴት የለችም። አሁኑኑ አቅርቢያት!› አለ።

ራሷ ቀረበች። ከመደቡ ሥር ወጥታ እንደ ሰካራም ወዲያ ወዲህ ተንገዳገደች፣ የኋላ እግሮቿ ከዷት፣ ወደቀችና ትንቀጠቀጥ ጀመር። ‹ስኳሩን!› ብዬ ስዘል አንደኛው በሰደፉ ገፋኝ። ቢያዝን ቀፎውን ወደ ኋላው ሸሽጎ ‹ማስረጃ ነው› አለ። እመዬ አልጮኸችም። ‹ልጄ ቢያዝን፣ መሪጌታም እንዲህ ተንቀጥቅጠው ነው በእጄ ላይ ያለፉት። ስጣት› ብቻ አለች። ቢያዝን ድመቷን አያት፤ ያን ጊዜ ፊቱ የሊቀ መንበር መሆኑን ተወ። ‹እናቴንም እንዲህ ያደርጋታል› አለና ተንበረከከ። ጣቱን አርሶ ማስረጃው ውስጥ እየነከረ ድዷን ያሽላት ጀመር። ‹አትጋቷት፣ ያንቃታል› እያለ ይቆጣናል፤ ማን ሊግታት እንደፈለገ አላውቅም። የገፋኝ ልጅ ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ ጅራቷን ይዞላታል፤ ሌላ የሚይዘው ስላጣ ይመስለኛል። ምን ያህል እንደቆየን አላስታውስም። ቀፎው ባዶ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው እቴቴ የሊቀ መንበሩን ጣት ነከሰች። ቢያዝን ‹ተመስገን› አለ፤ በቀበሌ ሥራ ላይ እያለ።

ታይፒስት መሆኔን ስለሚያውቅ ቃለ ጉባኤውን እኔኑ አስጻፈኝ። ‹በፍተሻ የተገኘው አንድ የክብሪት ቀፎ ስኳር በአስቸኳይ ሥራ ላይ ውሏል› ብዬ ጻፍሁ፤ ፈረመ። ከበሩ ሲወጣ ዞር ብሎ በለሆሳስ ‹መጀመሪያ ትብላ፣ ከዚያ ነው መርፌው› አለኝ፤ በማግስቱም ለእናቱ ከያዘው ስኳር ቆንጥሮ ላከልኝ። ፀሐይወርቅ መጥታ አለቀሰች። ‹ታዲያ በሽታ ነው አትይም፣ አንቺ ምላሰኛ! ሌላ ጊዜ ስንት ቃል ታበዣለሽ፣ ያን ቀን አንዷን ቃል ሰሰትሽ› አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ይህን ለማንም እንዳትናገር።

አሁን ዓሣው ሲያልቅ አይቼ ነው መርፌ የማነሳው። ቢሮ ሆኜ ሰርኩላር ስጽፍ ‹ተንቀጥቅጣ ይሆን?› እያልሁ ፊደል እዘላለሁ። እመዬም እቴቴ ስትጎርስ ነው የምትጎርሰው። ስለዚህ ወደቡ አካባቢ ቀጫጭን መርፌ ከተገኘ ላክልኝ፤ አዘዘ የተወልን የበሬ መርፌ ለእሷ ጦር ነው። ሐኪም ካገኘህም የድመት ክብደት ላላት ፍጥረት አንድ መስመር ይበዛ እንደሆነ ጠይቅልኝ። አንተም የአባታችን ልጅ ነህና ተመርመር፤ ጉንዳን እስኪሰለፍ አትጠብቅ። ይህን ደብዳቤ ካንተ አስቀድሞ የሚያነብልህ ሰው ቢኖር፣ እዚህ ስኳር የተባለው ሁሉ በሽታ መሆኑን በትሕትና አሳስባለሁ።

እቴቴ ዛሬ ደህና ናት። ቆሮሶዋን በልታ፣ ተወግታ፣ ከደጁ ፀሐይ ላይ ተጋድማለች።

እናትዓለምን ጥርሷ ባላመማት በኩል ሳምልኝ። አገኘሁን አክስትህ ትምህርትህን ትጠይቃለች በለው። ትንሿን ወለተ ኪዳንን ጉንጯን ስትስምልኝ ጢምህን ተላጭተህ ይሁን። እመዬ ሁላችሁንም በስም እየጠራች መርቃለች፤ በመጨረሻም የእቴቴን ስም ስለጨመረች አሜን ብለናል።

እህትህ የሺመቤት ሀብተ ሥላሴ
ባሕር ዳር፣ መጋቢት ፲፰ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.

ማረሚያ፦ ከላይ ‹እቴቴ ዛሬ ደህና ናት› ተብሎ የተገለጸው እስከ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት ያለውን ብቻ የሚመለከት ነው። ፖስታውን ሳሽግ ስሟን ሁለት ጊዜ ብጠራት ዝም አለች፤ በሦስተኛው አንድ ዓይኗን ገለጠች። በመሆኑም ‹ደህና ናት› የሚለው ተሰርዞ ‹አለች› ተብሎ ይነበብ።