ምንም የለበትም ያልኩት ዓይን

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ጠዋት ብርድ። ዓለም ገና ላይ ባጃጅ ጠፋ። ግማሹን መንገድ በእግሬ። ሰበታ ብየዳ ቤቱ ስደርስ እነ ወንዲ ሥራ ጀምረዋል፤ አሠሪያችን ኦቦ ዲኖ ደግሞ በሩ ላይ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ። ምንም አላሉኝም። ሰዓት ማየታቸው ይበቃል።

ሁለት ትዕዛዝ ተቀበልኩ። አንድ የግቢ በር፣ አንድ የመስኮት ፍርግርግ። የበሩ ባለቤት «ልክ እንደ ጎረቤቴ» ይላል እንጂ ልኩን አያውቀውም። ሄጄ መለካቴ ነው።

ከምሳ በፊት ሶያማ መጣ፤ ከጎረቤት ብረታ ብረት ቤት። አንድ ዓይኑን በመዳፉ ከድኖ። በግራይንደር ብረት ሲቆርጥ ፍንጣሪ ገብቶበታል። በርጩማ ላይ አስቀመጥኩት፣ የላይኛውን የዓይን ቆብ በክብሪት እንጨት ገለበጥኩ... ፍንጣሪዋ አለች። ከጤፍ ታንሳለች። በጥጥ ጫፍ አነሳኋት። «እጅሽ ይባረክ» ብሎ ወደ ሥራው ሮጠ።

ስንተኛዬ ይሆን? ማንም አላስተማረኝም። ወንድሜ እዚህ በያጅ ሳለ የእሱን ስለቅም ለመድኩት። እሱ ዱከም ፋብሪካ ገባ፤ እኔ ትዕዛዝ ተቀባይም ዓይን ለቃሚም ሆኜ ቀረሁ። የሰፈሩ ብረት ሠራተኛ ሁሉ ክሊኒክ ከሚሄድ እኔ ጋ ይመጣል። ወረፋ የለ፣ ካርድ የለ። ደስ ይለኛል። ለራሴ ምን አስዋሸኝ? በጣም ደስ ይለኛል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

በሩን ለክቼ መጣሁ። ሌላ ምንም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

አንድ ሰውዬ አሮጌ በር በጋሪ አመጣ፤ ማጠፊያው ዝጎ አልላቀቅ ብሎታል። ሥራው ለአጵሎስ ተሰጠ። ለሌላ ለማን ይሰጣል? ከሆሳዕና የመጣ ሰሞን መዶሻ እንኳ በቅጡ አይዝም ነበር ይላሉ ኦቦ ዲኖ። አሁን እሱ የበየደውን በጣት ብትዳስሰው መጋጠሚያው የት እንደሆነ አይታወቅም።

መነጽር የሚያደርግ እሱ ብቻ ነው። ግራይንደር ሲይዝ ያወርደዋል፣ ሲጨርስ ግንባሩ ላይ ይሰቅለዋል። ዛሬም የበሩን ጎን ቆርጦ ጨረሰና ሰቀለው። ከዚያ ማጠፊያው ላይ መሮ ደግኖ በመዶሻ ይቀጠቅጥ ጀመር። ለመዶሻ መነጽር የሚያደርግ ሰው በዚህ ሰፈር አይቼ አላውቅም። እሳት አይተፋ፣ ብልጭ አይል...

ጥቂት መታና ቆመ። አንድ ነገር ነካኝ አለ። ቀኙን ነው። ቆቡን ገለበጥኩ፣ ላይ አየሁ፣ ታች አየሁ፣ በስልኬ መብራት አየሁ። ንጹሕ። ነጩ ላይ ትንሽ ቅላት አለች፤ እሷም አሽቶት ይሆናል። በውሃ አጠብኩለት።

«ክሊኒክ ብቅ ልበል እንዴ?» አለኝ።

«ምንም የለም። ነክቶህ አልፏል» አልኩት።

ወንዲ ከወዲያ ሆኖ «እትዬ የለም ካለች የለም» አለ። አጵሎስም ሳቅ ብሎ ተመለሰ። ማጠፊያው ተላቀቀ። ሰውየው ደስ ብሎት ሄደ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

አጵሎስ ትንሽ ይቆረቁረኛል ይላል። ሥራውን ግን እየሠራ ነው። አሁንም አየሁት። ምንም የለም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ግማሽ ቀን ሠርተን ወጣን። አጵሎስ ሲወጣ ቆም ብሎ በስሜ ጠራኝና «አትክልት፣ ጭስ ያለበት ክፍል ውስጥ ያለሁ ይመስለኛል» አለኝ። ጭስ አልነበረም። ሳምንቱን ሙሉ ስትበይድ ከርመህ ምን ይምሰልህ፣ ሂድና ተኛ አልኩት።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ቤተ ክርስቲያን። ልብስ አጠባ። ማታ ስለዚያ ጭስ አሰብኩ። ምን ማለቱ ነው?

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

አጵሎስ ቀረ። ቀርቶ አያውቅም። ሦስት ሰዓት ላይ ሚስቱ ሩታ ደወለች። ሌሊቱን ሲያቃስት አድሯል። ትላንት መዝሙር ላይ የያዘው ወረቀት አልነበብ ብሎት አጠገቡ ላለው ሰጥቶ ዝም ብሎ ቆመ አለች። ኦቦ ዲኖን አስፈቅጄ ቤታቸው ሄድኩ። ዓይኑ አብጧል፣ ቀልቷል፣ መብራት አያስጠጋም። በጥጥ የምነካው ነገር እንዳልሆነ ገና ከበሩ ላይ ገባኝ። እጄን ኪሴ ከተትኩ።

በባጃጅ፣ ከዚያ በሚኒባስ፣ አዲስ አበባ የዓይን ሐኪም ቤት። ሐኪሟ ወጣት ናት። ገና አይታው የመጀመሪያ ጥያቄዋ «መዶሻ እየመታህ ነበር?» የሚል ሆነ። እንዴት አወቀች? ከየት አወቀች?

ራጅ ተነሳ። ፊልሙን መብራት ላይ አድርጋ አሳየችን። አንዲት ነጭ ነጥብ። ዓይኑ ላይ አይደለችም፣ ውስጡ ናት፣ ከኋላ። ብረት በብረት ሲመታ የምትፈናጠር ስባሪ ፍጥነቷ ሌላ ነው አለች። የገባችበት ቀዳዳ ከመርፌ ቀዳዳ አይሰፋም፣ ወዲያው ይገጥማል። ሕመሙም ያኔ ያን ያህል አይደለም። ከውጭ ለሚያየው ዓይኑ ጤነኛ ነው። በሽታው የሚጀምረው ከውስጥ ነው። ጀምሯል።

ሩታ የዚያን ዕለት መጥቶ ቢሆንስ ብላ ጠየቀች። ሐኪሟ ወረቀቷን እያየች፣ የዚያን ዕለት ቢሆን ጥሩ ተስፋ ነበረን አለች። ከዚያ ቀና ብላ «ማነው ምንም የለም ያለው?» አለች።

አጵሎስ «እኔው ነኝ፣ ቀላል መስሎኝ» አላት።

እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። 

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ኦፕራሲዮን ተደረገ። ስባሪዋን አውጥተዋል። ዓይኑ ያያል አያይም ገና አይታወቅም።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። እኔ እኮ ያልኩት ሁለት ቃል ነው። ደግሞ ያየሁትን ነው ያልኩት። አላየሁም ማለትና የለም ማለት ግን አንድ ነው እንዴ? በስልክ መብራት ነው ያየሁት... በስልክ መብራት!

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ምሳ ይዤ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሩታ ኮሪደር ላይ ነበረች፤ ከምትሠራበት ፋብሪካ ፈቃድ ወስዳለች። መንገድ ሁሉ ሳጠናው የሄድኩትን ነገርኳት።

«ሩታ፣ ምንም የለም ያልኩት እኔ ነኝ። ክሊኒክ ልሂድ ሲለኝ ያስቀረሁት እኔ ነኝ።»

ምሳ ዕቃውን አየች። «አውቃለሁ። ቅዳሜ ማታ ሐኪም ቤት እንሂድ ብዬ ለመንኩት። አትክልት አይታዋለች አለኝ።»

 ምሳ ዕቃውን ተቀበለችኝ። «ነገ እንዳትመጪ» አለች፣ ድምጿን ሳትጨምር። ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አለቀስኩ። አጠገቤ የነበሩ አዛውንት ለቅሶ ቤት የምሄድ መስሏቸው «እግዜር ያጥናሽ» አሉኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

አልሄድኩም። እንዳትመጪ ተብያለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

አጵሎስ ቤቱ ገብቷል። ወንዲ ሊጠይቀው ሄዶ ነበር። በቀኙ የሚያየው ብርሃን ብቻ ነው፤ መስኮቱ የት እንደሆነ ያውቃል፣ መስኮቱ ላይ የቆመውን አያውቅም። ሐኪሟ ከዚህ ብዙም አይሻሻልም ብላለች።

ወንዲ ይህን ሲነግረኝ ላሜራ ይቆርጥ ነበር። ያለ መነጽር። መነጽርህስ አልኩት። ከኪሱ አወጣልኝ። ከገበያ የገዛው ጥቁር የጌጥ መነጽር። እሱ ሲሰበር ራሱ ስባሪ ነው፤ ደግሞ ጎንና ጎኑ ክፍት ነው አልኩት። «እትዬ፣ አንቺም ሐኪም ሆንሽ?» አለ። ነገሩ እውነት ነው፤ ስንት ዘመን ሐኪም ሆኜ ኖሬ የለ?

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ኦቦ ዲኖ አዲስ መነጽሮች በካርቶን ይዘው መጡ። ነጭ፣ ወፍራም፣ ጎኑ የተሸፈነ። «ኢጆሌ፣ ልጆች፣ ኑ» ብለው ሠራተኛውን ሰበሰቡና አደሉ። ለእኔም ደረሰኝ፤ ልኬት ስወስድ ሥራው መሐል እቆማለሁና። ከእንግዲህ ያለዚህ ግራይንደርም መዶሻም የሚነካ ወደ ቤቱ ይሂድ አሉ። ለመዶሻም ማለታቸውን ልብ አልኩ። ከአጵሎስ ቤት ነው የመጡት።

ሌላው ሁሉ ሲበተን እኔ ጋ መጡ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አይደል አሉኝ። ስለ እርስዎ እንዲህ አልልም አልኳቸው። «ስለ እኔ በይ። እኔ ስለ ራሴ ብያለሁ» አሉ። ከዚያ ስለ ቱቦላሬ ብረት ትዕዛዝ አወራን።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

የሚካኤል ዕለት ነው፣ ግን ሥራ አለ። ሶያማ ዓይኑን ይዞ መጣ። በርጩማዋን ራሱ ስቦ ተቀመጠ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጣለ።

አላይም አልኩት። ክሊኒክ ሂድ። ተጣላን እንዴ አለ። አልተጣላንም አልኩት። ታዲያ ምነው? ኮራሽ? አዎ ኮራሁ በል ብዬ ባጃጅ ጠራሁ፣ እንዳያሽ እጁን ይዤ አስገባሁት። ሲሄድ አልተሰናበተኝም።

እጄ ግን ቆቡን ልገልብጥ ተነስቶ ነበር። አየሁት።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ሶያማ አለፈ፣ ሰላም ሳይለኝ። ከሰዓት ተመልሶ መጣ። ፍንጣሪዋ ብሌኑ ላይ ተተክላ ዙሪያዋን ዝጋ ነበር፣ በማሽን እያዩ በመርፌ ነው ያነሷት አለ። ጥጥ ቢነካት ወደ ውስጥ ትገፋ ነበር ብለውታል። ይህን ብቻ ነግሮኝ ሄደ።

እሑድ፣ ኅዳር 21

የጽዮን ዕለት። ከቅዳሴ በኋላ እነ አጵሎስ ቤት ሄድኩ። ሩታ በሩን ከፈተችና ቆመች። ከዚያ ገለል አለችልኝ። አጵሎስ ሻይ ሊቀዳልኝ ተነሳ። ማንቆርቆሪያውን ይዞ፣ ብርጭቆው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰው። በአንድ ዓይን ርቀት አይታወቅም አለኝ፤ እየለመድኩት ነው አለኝ። ሩታ በጨርቅ ጠረገችው። ምንም ያልሆነ መስለን ሁላችንም ጠጣን።

ለሐኪሟ ለምን እኔው ነኝ አልክ ብዬ ጠየቅኩት። «የተጠየቅኩት እኔ ነኛ» አለ። 

ሰኞ፣ ኅዳር 29

አጵሎስ ሥራ ገባ። ኦቦ ዲኖ ብየዳ ቀርቶ ቀለምና መገጣጠም ላይ ሁን ብለውታል። እሺ አለ። ጠዋት ብሎን ለመያዝ እጁን ሲሰድ ሁለቴ ሳተው። ያየ ሁሉ ወደ ሌላ ዞረ።

ከምሳ በኋላ ወንዲ የዛገ ማጠፊያ ያስለቅቅ ነበር። መሮና መዶሻ። መነጽሩ ግንባሩ ላይ። ኦቦ ዲኖ ዕቃ ሊያመጡ ቡራዩ ሄደዋል። አውርድ አልኩት። ላብ እየያዘው ይጨልምብኛል፣ ሁለት ምት ናት የቀረችኝ አለ። እንደገና አልኩት። አሁን አሁን አለ።

አጵሎስ ብሩሹን አስቀምጦ ተነሳ። ቁጣ የለበትም። ወንዲ ፊት መጥቶ ቆመ፣ ትንፋሹ እስኪሰማው ቀርቦ። ከዚያ ደህናውን ዓይኑን፣ ግራውን፣ በመዳፉ ከደነው።

«ወንዲ፣ አለህ?» አለ።

ወንዲ መዶሻውን እንደያዘ ነው። አጵሎስ በሌላው እጁ አየሩን ዳበሰ፤ የወንዲን ትከሻ አልፎ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ጆሮውን ነካ፣ ከዚያ ግንባሩ ላይ ያለውን መነጽር አገኘው። አላወረደውም። እጁን እዚያው አቆየ።

«አለሁ» አለ ወንዲ፣ በማይሰማ ድምፅ።

መነጽሩን ራሱ አወረደ። አጵሎስ መዳፉን ከዓይኑ አንስቶ ወደ ቀለሙ ተመለሰ። ግራይንደሩም ቆሞ ነበር፤ ሁሉም ሲያይ ነበር። አንድ በአንድ እጆች ወደ ግንባር ሲሄዱ አየሁ።

የእኔም ግንባሬ ላይ ነበር ለካ። አወረድኩት።