መሬት ላይ የተቀመጠችው መምህርት

ባሕር ዳር

ልጄ ሐፍሳ፣ አላህ በሄድሽበት ሁሉ ሰላምሽን ያብዛው። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባትሽ ዘንድሮም ጀልባ መሥራቱን አልተወም፤ ጉልበቴን ያመኛል ይላል እንጂ አይሰማም።

ኮሌጁ ቋሚ አስተማሪ አድርጎ እንደቀጠረሽ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። በስልክ የላክሽውን ፎቶ ሳይ ግን ተናደድሁ። የሕፃናት አስተማሪ ለመሆን የሚማሩት ትልልቅ ሰዎች ወንበር ላይ፣ አንቺ መጫወቻ ይዘሽ መሬት ላይ! «ለመምህሩ ወንበር የማይለቅ ምን ዓይነት ተማሪ ነው?» እያልሁ አባትሽን አስጨነቅሁት።

ባለፈው የወንድምሽ የዳውድ ልጅ መሪማ ከአንበሳሜ መጣች። ብንጠራት፣ ከረሜላ ብናሳያት ከበሩ ጀርባ አልወጣም አለች። ትቻት ግቢው ውስጥ መሬት ቁጭ ብዬ አሣ ሳጸዳ ቀስ ብላ መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። «አያቴ፣ አሣው ዓይኑን ለምን አይጨፍንም?» አለችኝ። ፎቶሽ ያኔ ገባኝ፤ ለካ ልጅ የሚቀርበው መሬት ሲቀመጡለት መሆኑን እያሳየሻቸው ኖሯል።

እንግዲህ ወንበሩን ተይላቸው፤ አላህ ዕውቀትሽን ይባርክልሽ፣ ከክፉ ዓይን ይጠብቅሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፦ ያለሽበት አገር ብርድ ወገብ ይይዛል አሉ፤ መሬቱ ላይ ምንጣፍ አንጥፊበት።

እናትሽ