የቅዳሜ ሩጫህን ሮጥሁት

ይድረስ ለሆዴ ለይልቃል፤

መልስ እንደማይመጣ አውቃለሁ፤ ብቻ ልማድ ነውና እንደምን ሰነበትህ? ከተለየኸኝ ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። የሙት ዓመትህንም አውጥተናል፤ ጠላው ሳይጎድል፣ ሰው ሳይከፋው አለፈ። ፍኖተ ሰላም ባጃጅ ገብቶላታል፤ ጋሪ ነጂዎቹ አኩርፈዋል። እኔም ስፌቴን ይዤ አለሁ። ትልቁ ወሬ ግን ሌላ ነው፤ መሮጥ ጀምሬያለሁ። አዎ፣ እኔ! ገበያ ደርሼ እስክመለስ ሁለቴ የማርፈው ሚስትህ፣ ባሕር ዳር ለሚደረገው ግማሽ ማራቶን ተመዝግቤያለሁ። ጉልበቴ ስለበረታ እንዳይመስልህ፤ ቅናት ነው።

አንተ የስፖርት መምህር ሳለህ፣ ያቺ የሒሳብ መምህርት እናንዬ ሁልጊዜ ከትምህርት በኋላ ሜዳው ላይ አብራህ ትሮጥ ነበር። ቀጭን ናት፤ ስትሮጥ ደግሞ ታምራለች፤ ምን ይደረግ። ቅዳሜ ቅዳሜ በቡሬ መንገድ ለረጅሙ ሩጫ ስትወጣ፣ በጋሪ ሆነሽ ውኃ እያቀበልሽኝ ተከተይኝ ብለህ ስንት ጊዜ ለመንኸኝ? እኔ ግን እሷ ከከተማው ዳር ቆማ የምትጠብቅህ እየመሰለኝ፣ ውኃውን እናንዬ ትያዝልህ እያልሁ ፊቴን አዞርሁብህ። አንተም ዝም አልህ። ዝምታህን እንደ ማመን ቆጠርሁት።

በለቅሶህ ዕለት የሆነውን ልንገርህ። በአገራችን ደንብ የሟች ዕቃ ወጥቶ፣ እሱ እየተያዘ ይለቀሳልና ካፖርትህን እናትህ ያዙ። የመሮጫ ጫማህን ግን እኔ ሳልደርስበት እናንዬ አነሣችው። በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ፣ የቡሬን መንገድ እየጠራች ሙሾ አወረደችበት። በዚያ መንገድ መሮጥህን ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ እኔ ግን ይኸው ማስረጃው አልሁ። ሰው ሁሉ ተንሰቀሰቀ። እኔ አላለቀስሁም። ጫማውን መቼ ታስቀምጠዋለች እያልሁ፣ ዓይኔን እሷ ላይ ተክዬ ቆሜ ዋልሁ። ከዚያ ወዲህ ያ መንገድ የእሷ ብቻ ሆኖ እንዲቀር አልፈቀድሁም፤ መሮጥ የጀመርሁትም ለዚሁ ነው። አብረን እንሮጥ ብላ ሁለት ጊዜ ሰው ላከችብኝ፤ እንቢ አልሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ነጋ ሲል በቡሬ መንገድ ብቻዬን ወጣሁ። መጀመሪያ ላይ እልሁ ገፋኝ፤ ማንኩሳ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረኝ ግን እግሬ ከዳኝ። ከመንገዱ ዳር በርበሬ የሚያሰጡ ሴትዮ አይተውኝ ውኃ በጣሳ ይዘው መጡ። በዕድሜ የገፉ መሆናቸውን ሳይ ልቤ ረጋ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። እንደኔ የሚሮጥ አንድ መምህር ነበረ፣ በየቅዳሜው ከደጃቸው ውኃ ይጠጣ የነበረ፣ ወዴት ጠፋ ብለው ጠየቁኝ። ከማን ጋር ነበር የሚመጣው አልኋቸው። ብቻውን ነው እንጂ አሉኝ። ሁልጊዜም ብቻውን። ሰው የለህም ወይ ሲሉህ፣ ለመጪው ቅዳሜ ባለቤቴ አብራኝ ትመጣለች ትላቸው ነበር አሉ። ክረምት ከበጋ፣ ለመጪው ቅዳሜ።

ጣሳውን መሬት አስቀመጥሁት። ይልቃል፣ ማንም በሌለበት መንገድ ላይ ነው ለካ የቀናሁት። እዚያው ቁጭ ብዬ፣ በለቅሶህ ዕለት ያልወጣልኝን ለቅሶ አለቀስሁልህ። ሴትዮዋ በርበሬው ዓይኔ ውስጥ የገባ መስሏቸው ሊያጥቡልኝ ሌላ ውኃ አመጡ። ማን እንደሆንሁ፣ አንተም በሕይወት እንደሌለህ ስነግራቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አጠገቤ ተቀመጡ።

እናንዬን ይቅርታ መጠየቅ እንዳለብኝ አውቃለሁ። እጠይቃታለሁ፤ ቀኑን ብቻ አትቁረጥብኝ፣ ቅናቴን ታውቀዋለህ። ላንተ ግን ቃሌ ይኸው፤ እግሬ እስከቻለ ቅዳሜን አልተውም፣ ነፍሴ እስካለችም አንተን አልረሳም። ስሰናበታቸው ሴትዮዋ ለመጪው ቅዳሜ ትመጫለሽ ወይ አሉኝ። እመጣለሁ አልሁ። ብቻሽን ወይ ቢሉኝ፣ ከባለቤቴ ጋር አልኋቸው።