የአሥራ ሁለተኛ ክፍሉ ሙዳይ

ውድ እናቴ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ልወቅስሽ ነው። ሌላ ምክንያት ያለኝ እንዳይመስልሽ ብዬ በመጀመሪያው መስመር ላይ አሰፈርሁት። በሕይወት ሳለሽ አንድም ቀን ወቅሼሽ አላውቅም፤ የምወቅስሽበትም አልነበረኝም። ከተለየሽኝ ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ግን አገኘሁ። ያገኘሁትም የቤት ዕቃ ማስቀመጫ ፍለጋ ስዞር ነው።

ከቤቱ ልጀምር። ቁስቋም ያለችው ቤታችን እንዳለች ናት። ከትርፍ ቤቱ አዋጅ በኋላ የቀሩልን ሁለት ክፍሎች አልሰፉም፣ አልጠበቡም። የቀበሌው ሱቅ አሁንም ስኳርና ሳሙና በካርድ ያድላል፤ የቤተሰብ ብዛት በሚለው ቦታ ላይ ሁለትን ሰርዘው አንድ ጽፈዋል። እኔም ትምህርት ቤቱ መጻሕፍት ቤት ውስጥ እንደ ድሮው እሠራለሁ። የተለወጠው ግድግዳው ነው፤ ባዶ ነው። ግድግዳው ባዶ ስለሆነም ወለሉ ሞላ።

አንቺ የምታውቂውን መልሼ የምነግርሽ ወቀሳ ሥርዓት ስላለው ነው። በሰፈራችን ሴት ልጅ ለትዳሯ የሚሆናትን ሙዳይ ራሷ ትሰፋለች፤ እናቷም አጠገቧ ተቀምጣ ታርማታለች። እኔ ወስፌ ስይዝ ጣቴን እወጋ ነበር፤ መጽሐፍ ስይዝ ግን ምሳዬን እረሳለሁ። ጎረቤቶች “ይህች ልጅ ባሏን ወረቀት ልታበላው ነው” እያሉ ሲቀልዱብኝ አንቺ ስቀሽ፣ “አንቺ አንብቢ፣ እኔ እሰፋለሁ፤ ክፍል ባለፍሽ ቁጥር አንድ ሙዳይ አለሽ” አልሽኝ።

ቃልሽንም ጠበቅሽ። አንደኛ ክፍል ሳልፍ የሰፋሽልኝ ከመዳፌ አይበልጥም ነበር፤ ከዚያ በየዓመቱ እየተለቁ መጡ። የሁሉም መነሻ፣ መሀል መቀመጫቸው ላይ፣ አረንጓዴ ቀለም በገባ አክርማ የተጀመረ ነው፤ የሌላ ሰው ስፌት እንዲህ ሲጀመር አላየሁም። የቤታችንም ሥርዓት በእኔ ትምህርት ቅደም ተከተል ሆነ። መርፌ ፈልገሽ “ከሦስተኛ ክፍል አምጪልኝ” ስትይ፣ ወይም “ምስሩ ዘጠነኛ ክፍል ነው” ስትይ፣ እንግዳ ሰው ግራ ይገባው ነበር።

የመጨረሻውን ስትሰፊ እኔ ለፈተና ጂኦግራፊ ጮክ ብዬ አነብልሽ ነበር። የቦታ ከፍታ በካርታ ላይ በመስመር እንደሚታይ፣ መስመሮቹ ሲቀራረቡ ገደል፣ ሲራራቁ ሜዳ ማለት እንደሆነ ስነግርሽ ወስፌሽን አቁመሽ፣ “እስቲ እዚያ ላይ ድገሚው” አልሽኝ። ደገምሁት፤ የሰሜንን ተራሮች ካርታም አሳየሁሽ። ክዳኑ ሲያልቅ ቀለበቶቹ እንደ ሌሎቹ ሙዳዮች እኩል ክብ አልነበሩም፤ በአንድ ወገን ተጨናንቀው፣ በሌላው ወገን ተዘርግተው ነበር። እጄ ላይ አስቀምጠሽ፣ “ይኸው ተራራሽ” አልሽኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ የምስክር ወረቀት ተቀብያለሁ፤ ከዚያ የሚበልጥብኝ ግን የለም።

በአርባሽ ማግስት ታናሽ እኅትሽ፣ አክስቴ የሻረግ፣ ወደ ማክሰኝት ከመመለሷ በፊት ሙዳዮቹን ሁሉ ከግድግዳው አወረደች። በውስጣቸው ያለውን በጋዜጣ ላይ ገልብጣ፣ ባዶዎቹን በነጠላ ቋጠረቻቸው። “የሟች የእጅ ሥራ ለነፍስ ይሁን፤ ክርስትና ለተነሣችበት ደብር እሰጠዋለሁ” አለችኝ። ስለ ነፍስሽ ሲሆን ምን ብዬ እከራከራለሁ? ቋጠሮውን እስከ አውቶቡስ ተራ ድረስ የተሸከምሁት እኔ ነኝ።

ክረምቱ እንዲህ ገባብኝ። ምስሩ፣ ጥጡ፣ ክሩ፣ ሳሙናው ሁሉ በጋዜጣ ላይ ተቆልሎ፣ አይጡም እንደ ልቡ እየመረጠ። ማስቀመጫ መፈለግ ጀመርሁ። መለኪያዎቼ አራት ነበሩ፦ ክዳን ያለው፣ አይጥ የማይበሳው፣ በደሞዜ የሚገዛና ዓይን የማያስቀይም። የመጨረሻው ያንቺ ነው፤ ዕቃ ጓዳ ውስጥ ቢደበቅም ማማር አለበት ትይ ነበርና።

ፒያሳ አንድ ሱቅ ውስጥ አበባ የተሣለባቸው ባለክዳን ዕቃዎች አየሁ፤ ዋጋቸውን ጠይቄ፣ አመስግኜ ወጣሁ። የቀበሌው ሱቅ ባልዲ መጣለት፤ ክዳኑ በሚቀጥለው ወር ይመጣል ተባልሁ። በሚቀጥለው ወር ክዳኑ ሲመጣ ባልዲው አልቆ ነበር። በቅዳሜ ገበያ የርዳታ ዘይት የመጣባቸውን ቆርቆሮዎች እየቆረጡ ክዳን የሚያበጁላቸው ሽማግሌ አሉ፤ ሰው አያ ደሴ ይላቸዋል። ቆርቆሮው ላይ በእንግሊዝኛ “አይሸጥም” የሚል ስላነበብሁ፣ ይህን መግዛት ትክክል አይደለም አልኋቸው። “ልጄ፣ አይሸጥም ያሉት እኮ ዘይቱን ነው፤ ቆርቆሮው ምን አጠፋ?” አሉኝ። ክርክራቸውን እስከ ድልድዩ ድረስ ሳመዛዝነው ሄድሁ፤ ስሕተት ስላጣሁበት ተመልሼ ገዛሁ።

መጻሕፍት በምንለብድበት ካኪ ወረቀት ሸፈንኋቸው፤ የያንዳንዱን ስም በቁም ጽሕፈት ጻፍሁ። ለጥቂት ሳምንታት አምረው ነበር፤ ብታዪአቸው ትስቂብኝ ነበር እንጂ አትጠያቸውም። ከዚያ እርጥበቱ ወረቀቱን አላቀቀው፣ ቆርቆሮው ዛገ፣ ምስሩም የዝገት ሽታ ያዘ። ለአያ ደሴ ብነግራቸው አልተቆጡም። “እንግዲያስ ስፌት ነው የሚሻልሽ። ማክሰኝት ውረጂ፤ ሸጋ ሸጋው እዚያ ነው፣ ዋጋውም አይጎዳሽም” አሉኝ።

በጥቅምት፣ በገበያ ቀን፣ ወረድሁ። ብዙ ሙዳይ አየሁ፤ ሁሉንም እየገለበጥሁ መቀመጫቸውን ስመለከት ሻጮቹ ቀዳዳ የምፈልግ መስሏቸው ተቆጡኝ። አንዱንም ሳልገዛ ውኃ ልጠጣ አክስቴ ቤት ገባሁ። ከመደቡ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ በትልቅና ትንሽነታቸው ተሰልፈው አገኘኋቸው። ከአንደኛ ክፍል እስከ አሥራ አንደኛ።

አክስቴ ውኃውን ይዛ ከጓዳ ስትመለስ ትንሿን አውርጄ፣ ገልብጬ፣ አረንጓዴዋን እያየሁ ነበር። መጀመሪያ “ምነው፣ ሙዳይ ከሙዳይ አይመሳሰልም እንዴ?” አለች። አረንጓዴዋን ወደ እሷ አዞርሁላት። ውኃውን አስቀምጣ ተቀመጠች።

“እሷ ናት የሰጠችኝ” አለች። “ሐኪም ቤት ተኝታ ሳለ። ለልጅሽ ለይታይሽ ይሁናት፣ በጥር ታገባለች ብላ። ሙዳይ የሙሽራ ነው፤ የእኔዋ ከመጻሕፍት ቤት አትወጣም፣ ግድግዳ ላይ ደርቆ ይቅር ወይ? ብላ። ለነፍስ ነው ያልሁሽ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው፤ እግዜር ይይልኝ።”

በሕይወቴ የሰማሁት ውሸት ሁሉ አንድ ላይ ቢደመር ያን ያህል ባልጎዳኝ ነበር። ይህ ግን እውነት ነበር። “የእኔዋ” እያለ የሚጠራኝ ካንቺ በቀር ማንም የለም፤ ቃሉን ስሰማ ድምፅሽን ሰማሁ።

አሥራ ሁለተኛው የት እንዳለ ጠየቅሁ። ልጇ ይታይሽ ከሌማቱ ጀርባ አወጣችው። “ይኼን እንኳ ለሰው አላሳየውም፤ ጠማማ ነው” አለች፤ ክፋት የላትም። አክስቴም “ዓይኗ ሲደክም የሰፋችው ይሆናል፤ ተበላሽቶባት” አለች። ተራራ መሆኑን አልነገርኋቸውም። ይህን ብቻ ስጡኝ አልሁ። አክስቴ ራሷን ነቀነቀች፤ “ሟች በአፏ የሰጠችውን እኔ አልበትንም። ከመጡ አብረው፣ ከሄዱም አብረው። ራሷ መጥታ መልሺ ካላለችኝ በቀር ቃሏን አላፈርስም” አለችኝ። እዚህ ላይ አክስቴን ልወቅሳት አልቻልሁም። በደብር ስም መዋሸቷን ግን እስካሁን ይቅር አላልኋትም።

እናቴ፣ የከዳሽኝ በዕቃ አይደለም። ጠይቀሽኝ ቢሆን ኖሮ ለይታይሽ እኔው ራሴ ጠቅልዬ በሰጠኋት ነበር። አምና ሽማግሌ የላከውን ሰው አልፈልግም ስል “አንቺ ያልፈለግሽውን እኔም አልፈልገውም” ያልሽኝን አምኜሽ ነበር። ለካ ያን ቀን ልብሽ ውስጥ አንድ ነገር ዘግተሽብኛል። እኔ ግድግዳው ላይ ያለፍኋቸውን ክፍሎች ሳይ አንቺ የማትመጣ ሙሽራ ታዪ ነበር። እዚያችው ቤት ውስጥ ተቀምጠን፣ አንዱን ነገር እያየን፣ ሁለት የተለያየ ነገር ስናይ ኖርን። ጎረቤት ሁሉ ሲስቅብኝ ከእኔ ጋር የቆምሽ አንቺ ብቻ ነበርሽ፤ በልብሽ ግን እነሱ ጋር ከቆምሽ፣ ያኔ ማን ነበር ከእኔ ጋር?

ሐኪም ቤት ከአልጋሽ አጠገብ ያልተለየሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ “ነጠላዬን አጥበሽ አምጪልኝ” ብለሽ ላክሽኝ፤ አክስቴን አጠገብሽ ትቻት ወጣሁ። ነጠላው ንጹሕ ነበር። ያኔም ንጹሕ መሆኑን አይቼ፣ የበሽተኛ ነገር ነው ብዬ ይዤው ሄድሁ። አሁን ሳስበው፣ ፊቴን እያየሽ ልትሰጪው አለመቻልሽ ጥቂት ያጽናናኛል። ብዙ አይደለም።

አልረሳሽም። የሰፋሽልኝንም፣ የሰጠሽብኝንም አብሬ አስታውሳለሁ፤ አንዱን ለማዳን ሌላውን መፋቅ ሐሰት ይሆንብኛል። ባዶው ግድግዳ ላይ ሌላ ሙዳይ አልሰቅልም፤ ምስሩም በዛገው ቆርቆሮ ይቆያል።

አንድ ነገር ግን እጠይቅሻለሁ። አክስቴና ይታይሽ ለቁስቋም ማርያም ክብረ በዓል እኔ ዘንድ ይመጣሉ፤ ከማክሰኝት የሚነሡት ኅዳር አምስት ቀን ጧት ነው። በጥር ሠርጉ ከሆነ በኋላ ሙዳዮቹ ወደማላውቀው ሰው ቤት ይሄዳሉ። እኔ በሕልም እንደማላምን ታውቂያለሽ፤ አክስቴ ግን ታምናለች፣ ካንቺም ከራስሽ በቀር የማንንም ቃል አትቀበልም። ስለዚህ በሕልሟ ግቢና ጠማማውን ለልጄ ውሰጂላት በያት። ሌሎቹ ለይታይሽ ይሁኑ፤ ትዳሯን ያሳምሩላት።

ቀለበቶቹ ተራራ መሆናቸውን ካንቺና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። አክስቴ በራፌ ላይ ቆማ፣ ሙዳዩን ዘርግታ “ይኸው ተራራሽ” ካለችኝ፣ የላክሽው አንቺ መሆንሽን ዐውቃለሁ፤ ወቀሳዬንም በዚያው አነሣለሁ። እስከ ኅዳር አራት ሌሊት ድረስ እጠብቅሻለሁ።

የአንቺዋ