የሚቀጥለው ካርቶን ዋጋ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህ እንዴት ናት? ልጆቹስ? ትልቁ ጎረመሰ አሉ፤ ጋዜጣ ላይ አንተ ጎን ቆሞ አይቼው ቁመቱ የአባታችንን ሆኗል አልኩ። እኔ ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት፤ ዓይኗን የጋረደው ሞራ ብሶባታል እንጂ ሌላ የሚያማት የለም። ለእግዜር ሰላምታ ያህል ይሄ ይበቃናል። የቀረውን ቁጭ ብለህ አንብበው፤ ስብሰባ ደረሰብኝ ብለህ እንደ ልማድህ መሃል ላይ እንዳታጥፈው።

የምጽፍልህ ስለ ዋጋ ነው፤ የምትወደው ወሬ ስለሆነ። ሰኞ ሰኞ ጠዋት መንግሥትን ወክለህ በሬዲዮ ስለ ኑሮ ውድነት ስትናገር እማዬ ሬዲዮኑን ከመደርደሪያው አውርዳ ጭኗ ላይ ታስቀምጠዋለች። ከምትለው ግማሹ አይገባትም። ግን ስታስል አይዞህ ትልሃለች፣ ስትጨርስ ተባረክ ብላ ትዘጋዋለች። አንድ ጎረቤት ልጅሽ ይዋሻል ቢላት ዓይንህን ላፈር ብላ አባረረችው፤ እስከ ዛሬ ሰላም አይባባሉም።

አምና ቤታችን መጥተህ ራት የበላህበትን ቀን አልረሳሁትም። ባለቤቴ የዚያን ቀን ሆድ ብሶት ነበር፤ የሳሙና ዋጋ ጨመርክብን ብለው ደንበኞቹ ሌባ ሲሉት ውለዋል። አንተ ሳቅክና ከሱቁ አንድ ካርቶን አስመጥተህ ሳሙናዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደርክ። የሀገሩ ዕቃ ይሄ ነው እንበል አልክ። ከክብሪቱ ቀፎ በሳሙናው ልክ እንጨት አውጥተህ፣ ይሄ ደግሞ ገንዘቡ ነው፣ አንድ ሳሙና በአንድ እንጨት አልክ። ከዚያ ቀፎውን ገልብጠህ እንጨቱን ሁሉ ዘረገፍከው። ሳሙናው ጨመረ ወይ ብለህ ጠየቅከው። አልጨመረም አለ። እንግዲህ አንዱ ሳሙና ስንት እንጨት ሊጠይቅ ነው አልከው። ባለቤቴ ትንሽ አሰበና ክብሪቱን የዘረገፈው ማነው ብሎ ጠየቀህ።

መንግሥት ነው አልክ፤ በገዛ አፍህ። ምርጫ ሲደርስ ደመወዝ ተጨመረ፣ ስታዲየሙ ተጀመረ፣ አንተ የምትሠራበት ሚኒስቴር አዲስ ሕንፃ ተጀመረ። ግብር እንዳይጨምሩ ሕዝቡ ይቀየማል፤ የውጭ አበዳሪውም በሩን ዘግቷል። ስለዚህ ከብሔራዊ ባንኩ ይበደራሉ፣ ባንኩ ደግሞ ከሰው የሰበሰበውን ሳይሆን ያልነበረ ገንዘብ ፈጥሮ ይሰጣቸዋል አልክ። የነዳጁና የመርከቡ ኪራይ መወደድም የራሱ ድርሻ እንዳለው አልካድክም። ወጪ ሁሉ ኃጢአት አይደለም፣ ገንዘቡ መንገድና ፋብሪካ ላይ ቢውል ቆይቶ ሳሙናውም ይበዛ ነበር፣ ስታዲየም ግን ሳሙና አይሠራም ብለህ አሳቅኸን። አዲሱን ገንዘብ መጀመሪያ የሚያገኘው ተቋራጭ ዕቃውን በድሮው ዋጋ ይገዛል፤ ከእጅ እጅ ዞሮ ጡረተኛው ጋ እስኪደርስ ሁሉም ነገር ተወዶ ይጠብቀዋል አልክ። እማዬስ የቱ ጋ ናት ብዬ ጠየቅኩህ። ሰልፉ መጨረሻ ላይ አልክና ጉንጯን ሳምካት።

የባለቤቴን ሥራ አንተ ቀርበህ አታውቀውም። ቸርቻሪ ዋጋ የሚያወጣው ያለውን ካርቶን በገዛበት አይደለም፤ የሚቀጥለውን በሚገዛበት ነው። ጠዋት ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ጅምላ አከፋፋዩ ጋ ይደውላል። የሰማውን ይዞ የትናንቱን ዋጋ በላጲስ አጥፍቶ አዲሱን በእርሳስ ይጽፋል። ለምን በእርሳስ ስለው ቢወርድስ ይለኝ ነበር። እማዬ ግን ይሄ ነገር ፈጽሞ አልተዋጠላትም። ትናንት በርካሽ የገዛኸውን ዛሬ በውድ መሸጥ ከስርቆት በምን ይለያል ትለዋለች፤ እሱም ታዲያ ይሄ ሲያልቅ በምን ልተካው እማማ ይላታል። ሲጨቃጨቁ ውለው አብረው ምሳ ይበላሉ።

ከዚያ ያንተ መመሪያ መጣ። ነጋዴ ሁሉ በግዢ ደረሰኙ ላይ ባለው ዋጋ፣ ጥቂት ትርፍ ብቻ ጨምሮ ይሽጥ ተባለ። ባለቤቴ ሕግ ፈሪ ሰው ነው፣ ታዘዘ። ሱቁ ሙሉ የነበረውን ሳሙናና ዘይት ሸጦ ገንዘቡን ይዞ ወደ ጅምላው ሄደ፤ የድሮውን ግማሽ ብቻ በጋሪ ጭኖ ተመለሰ። እሱንም በደረሰኙ ሸጠ። በሚቀጥለው ጊዜ ጋሪ አላስፈለገውም፣ በእጁ ተሸክሞ ገባ። በመጨረሻ የተረፉትን ጥቂት ካርቶኖች ከሱቁ አውጥቶ እማዬ ጓዳ ውስጥ ከተታቸው። ደበቀ፣ አልክድህም። መመሪያው እስኪነሳ ብሎ ደበቀ።

የዚያን ሰሞን ሰኞ ያልከውን ቃል በቃል ልነግርህ እችላለሁ። ኑሮውን ያስወደደው ዕቃ የሚደብቅ ስግብግብ ነጋዴ ነው አልክ። የሚደብቅ የምታውቁ በዚህ ቁጥር ደውሉ ብለህ ቁጥሩን ደጋገምከው። ክብሪቱን ማን እንደዘረገፈው ትንፍሽ አላልክም። እማዬ ከዚያ ሁሉ ንግግር የያዘችው የስልኩን ቁጥር ነው። ልጇ በዚህ ደውሉ ካለ፣ የሚያነሳው ልጇ ነው ብላ አመነች። ምን ታድርግ? እኛ ባለን ቁጥር የምታነሳው ጸሐፊህ ናት፤ ጸሐፊህ ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው ከማለት ሌላ ቋንቋ አታውቅም። እኔ ገበያ በወጣሁበት እማዬ ፀጉሯን አበጥራ ደወለች። ለስልክ ፀጉሯን አበጠረች ወንድሜ፤ ራሷ ናት የነገረችኝ።

ያነሳው ሌላ ሰው ነው። ልጄን አገናኘኝ አለችው። የሉም፣ ጥቆማ ካለዎት ለኔ ይንገሩኝ አላት። እማዬ አፈረች። አንዲት አሮጊት በከንቱ ስልክ ይዛ ዋለች ተብሎ ልጇ ዘንድ እንዳይወራባት፣ ጓዳዋ ስላሉት ካርቶኖች ነገረችው። አማቼ ነው፣ ጨዋ ሰው ነው፣ ክፉ ቃል እንዳትናገሩት አለችው። አድራሻዋን ሲጠይቃት ደግሞ ደስ አላት፤ ልጇ መንገዱ ጠፍቶበት ከሆነ ብላ መታጠፊያውን ሳይቀር አስረዳችው። ስመለስ፣ ያነጋገረኝ ትሁት ሰው ነው፣ አደርስልሻለሁ ብሎኛል አለችኝ። ስለ ካርቶኖቹ ግን የነገረችኝ በኋላ ነው።

በማግስቱ ሦስት ተቆጣጣሪዎችና አንድ ካሜራ የያዘ ሰው መጡ። እማዬ ወንበር አቅርባ ሻይ አፈላችላቸው፤ ልጄ አብሯችሁ አልመጣም ወይ ብላ ጠየቀች። ባለቤቴ ከሱቁ እየሮጠ መጣ። አንደኛው ተቆጣጣሪ የዘይቱን ካርቶን በላይ በኩል አንጠልጥሎ ሲያወጣ አየው፤ እንዲያ ከተያዘ ከታች እንደሚቀደድ ስለሚያውቅ ሮጦ ከሥር ደገፈለት። ካሜራው የቀረጸው ይሄንኑ ነው። ዕቃ ሊያሸሽ ሲል እጅ ከፍንጅ ተያዘ ተብሎ በቴሌቪዥን ቀረበ። በሚቀጥለው ሰኞ አንተ ደግሞ ከቤተሰቧ ሀገሯን ያስቀደመች አንዲት እናት አለች ብለህ አመሰገንክ። አውቀህ ይሁን ሳታውቅ እስካሁን አልለየልኝም፤ የትኛው እንደሚብስም አላውቅም። እማዬ ግን ወዲያው አወቀች። እኔን እኮ ነው አለችና እንባዋ መጣ።

ቢሮህ የመጣሁት ያን ጊዜ፣ ባለቤቴ ታስሮ ዳኛ ፊት ሊቀርብ ሲል ነው። ፍታው አላልኩህም። የለመንኩህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ራት ላይ ያልከውን ለዳኛው ድገምለት ነው ያልኩህ። አዲሱ ሕንፃ ውስጥ፣ ላስቲኩ ያልተገፈፈ ወንበር ላይ ግማሽ ቀን ጎልተኸኝ ወደ አሳንሰሩ ስትሄድ ደረስኩብህ። እንዲህ ያለ ነገር መናገሬን አላስታውስም አልከኝ። ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ደግሞ፣ እኔ እውነቱን ብናገር የሚቀጥለውን ሰኞ ሌላ ሰው ይናገራል፣ ሳሙናው አይረክስም አልከኝ። እሱስ ልክ ነህ። እኔ ግን የመጣሁት ለሳሙና አልነበረም። ለታክሲ ብለህ እጄ ላይ ገንዘብ አስጨበጥከኝ፤ ገና ያልታጠፈ አዲስ ኖት ነበር።

ባለቤቴ ስኳር እንዳለበት ታውቃለህ። የዚያን ቀን ራት ላይ ለስላሳ አልጠጣም ቢልህ ቀልደህበታል። እስር ቤቱ መድኃኒቱ የለኝም፣ ከውጭ አምጪ አለኝ። ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞርኩ። መድኃኒትም እንደ ሳሙናው በደረሰኝ ዋጋ ይሸጥ ስለተባለ አስመጪዎቹ በኪሳራ አናመጣም ብለው ትተውታል፤ መደርደሪያው እንደኛ ሱቅ ባዶ ነው። ዋጋው ሰማይ ቢነካ የለበስኩትን ሸጬ እገዛው ነበር፤ የሌለ ነገር በምን ይገዛል? አንዲት ፋርማሲስት አሳዘንኳትና ለራሷ እናት ካስቀመጠችው ቀንሳ ሰጠችኝ፣ ለጥቂት ቀን ሆነው። ባለፈው ሐሙስ ምሳውን ይዤ ስሄድ ምግቡን አልተቀበሉኝም። መነጽሩን፣ ቀበቶውንና ጫማውን በፌስታል አድርገው ፈርሚ አሉኝ። ፈረምኩ።

ለቅሶው በወንድሙ ቤት ሆነ፤ አንተን ማንም አልጠራህም። እማዬ እስር ቤት ልጠይቀው የምመላለስ ይመስላታል። ጥቁር መልበሴ አይታያትም። ትናንት እጅጌዬን ዳብሳ አዲስ ቀሚስ ነው ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት። ጨርቁም ተወዷል አይደል አለች። ተወዷል አልኳት።

ያልነገርኳት አዝኜላት አይደለም። ክፉ ነሽ ትለኝ ይሆናል። ነኝ፣ ክፉ ሆኛለሁ። ስትተኛ እያየኋት አንቺ ነሽ፣ አንቺ ነሽ ብዬ ልጮህባት ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ መለስኩት። የኔ ሥራ አይደለማ። እሷ የምታምነው ያንተን አፍ ነው። በሷ ሐሳብ ካርቶኑን የወሰዱት እሷ በደወለችው ስልክ ነው፣ ሰውየውን ያሰሩት ግን የበታቾችህ በስህተት ነው፣ አንተም አልሰማህም። ቅዳሜ ዕለት ልጄ ጋ ሄጄ ለአማቼ እለምናለሁ፣ የእናቱን ቃል አይመልስም ብላ ተነሳች። እኔም ልብሷን አጥቤ ሻንጣዋን አዘጋጀሁላት። ያላትን ልብስ ሁሉ ነው የከተትኩት፤ ከእንግዲህ ወደኔ አትመለስም። የዓይን ጠብታዋ የጎን ኪሱ ውስጥ አለ፣ ጠዋትና ማታ ነው የምትጨምርላት። ታክሲው በርህ ላይ ሲያወርዳት አብሬያት እሆናለሁ፤ ዘበኛህ ሲያስገባት አይቼ እመለሳለሁ።

ስለዚህ ይሄን ደብዳቤ የሰጠችህ እሷ ናት፣ አሁንም ፊት ለፊትህ ተቀምጣለች። ምን ይላል፣ ጮክ ብለህ አንብብልኝ ማለቷ አይቀርም። ሰላምታውን ብቻ አንብበህላት ብትተወው መብትህ ነው። ግን አማቼን መቼ ነው የምትፈታልኝ ብላ ትጠይቅሃለች፤ ወንድሜ ያውቃል ብዬ ነው የላክኋት። ለምን ያዙት ብላም ትጠይቅሃለች። ሁለቱንም ከአንተ ከልጇ አፍ ትስማው።

ፈጣሪ ዕድሜዋን ያርዝምልህ፤ ከልቤ ነው የምልህ፣ ብዙ ዓመት ቤትህ ትኑር። ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ። ከደጅህ እንግዳ፣ ከማዕድህ በረከት አይጥፋ። አሁን ቀና በልና መልስላት፤ እየጠበቀችህ ነው።

የእናትህ ልጅ