ስለ ጉልበቴና ስለላክኸው ቅልጥም

ለውድ ወንድሜ ለአብዱሰመድ፤

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ከርመሃል? ያ ወገብህ ተሻለህ? ባለቤትህ ላጢፋስ፣ ልጆቹስ፣ ከብቱስ ደህና ነው? አገሩስ ዝናብ አገኘ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።

በሹፌሩ እጅ የላክኸው ቅልጥም ደርሶኛል። ሐኪሞቹ የተሰበረው አጥንቴ ውስጥ የሚሞሉት ነገር እንዳለ ስትሰማ፣ የአሳማ ወይም የሬሳ አጥንት መስሎህ፣ በገዛ እጅህ ቢስሚላህ ብለህ ካረድኸው ሙክት አጥበህ አድርቀህ ላክህልኝ። አንጀቴን በላኸው። እኔም ሞኟ ሆስፒታል ድረስ ይዤው ሄድሁ። የጎረቤታችን የጀቤሳ ልጅ ዳሲቱ እዚያ ነርስ ናት፤ ነገሩን ለኩባዊው ሐኪም ስታስረዳው ሰውየው አልሳቀም። ቅልጥሙን በሁለት እጁ ተቀብሎ ወንድሟን አመስግኑልኝ አለ።

ከዚያ አስረዳኝ። አጥንቴ በእርጅና ሳስቶ ነቀዝ የበላው እንጨት ሆኗል፤ ለዚህ ነው ከደጃፌ ወረድ ስል ብወድቅ ከጉልበቴ ሥር ወደ ውስጥ የሰረጎደው። ቀና አድርገው ቢያነሡት ሥሩ ባዶ ይቀራል። ከዳሌዬ ወስደው እንዳይሞሉት እሱም ሳስቷል። ስለዚህ የሚሞሉት ከባሕር የሚወጣ ድንጋይ መሳይ ነገር ፈጭተው ነው፤ የራሴ አጥንት ቀስ እያለ ይበቅልበታል አለኝ። ሼኻችንንም ጠይቄያቸው ምንም የለበትም ብለዋል።

አንተ ግን አጥንቱን እንቢ ካሉሽ ተመለሺ፣ ወጌሻ እግርሽን ይሽልሽ፣ በዚህ ዕድሜሽ ቁጭ ብለሽ ብትጦሪስ ምን አለበት ትላለህ። ኧረ ተወኝ! ወጌሻውማ አሽቶኝ ነበር፤ ባሰብኝ እንጂ ምን ፈየደ? የወለቀ ይመልስ ይሆናል፣ የደቀቀ ከየት ያመጣል? አሮጊት ናት ምን ያደርግላታል የሚለኝ በዝቷል። አንተም ከእነሱ ጋር መሆንህ አናዶኛል፤ አዝዬ ያሳደግሁህ በዚሁ እግር ነው።

ሐኪሙ አልዋሸኝም፤ ላይዝም ይችላል ብሎኛል። እፈራለሁ፣ ምን እደብቅሃለሁ። ግን ሳሪስ ገበያ የምቸረችረውን በርበሬዬን ትቼ፣ ሰው ደግፎ ሽንት ቤት እየወሰደኝ፣ ግንባሬን ለሱጁድ መሬት ሳላስነካ መሞት የባሰ ያስፈራኛል። ወንድ ዘመድ ይፈርምላት ሲሉ እኔው ፈረምሁ። መሠረተ ትምህርት የገባሁት ለጌጥ አይደለም።

ላጢፋን ሰላም በልልኝ፣ ምርቃቷ አይለየኝ። ጀዋሂርን ሳምልኝ፤ ኸሚስንም፣ ጥርሱ በቀለለት? ሰኞ ሆስፒታል እተኛለሁ። ዱዓ አድርግልኝ፤ ፈቃድህን ግን አልጠየቅሁህም።

እህትህ ኡምሀኒ
አቃቂ፣ ጥር 14 ቀን 1979 ዓ.ም.